የኩሬው አረንጓዴ

«ያየ፣ የሰማ፣ የሚያውቅ እስከ ቅዳሜ መጥቶ ይናገር» አሉ ቄስ አረጋ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እያወቀ ዝም ያለ ውግዝ ይሁን።»

ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ፀደይ ግን አጠገቧ የቆመችውን ባንቺዓለምን በጎን ታያት ነበር። ግዝቱ ከቄሱ አፍ እንደ ወጣ ባንቺዓለም ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ፀሐዩ ጠንክሯል፤ የሚበርድ ነገር የለም። ታዲያ ለምን ደበቀቻቸው?

ነገሩ የተሰማው ዓርብ ጠዋት ነው። ከዐለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለው አሮጌ ኩሬ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ለብሶ ይኖራል። ልጅ ያጡ ሴቶች በገና በዓል ተባርከው፣ ወገባቸው በገመድ ታስሮ ይነከሩበታል። ከዚያ ውጭ ያለ ካህን ፈቃድ ከእሱ መቅዳት ድፍረት ነው፤ ማንም አያደርገውም። ዓርብ ጠዋት ግቢውን ሊጠርግ የገባው ዲያቆን ግን አረንጓዴውን እንደ አሮጌ ነጠላ መሐሉ ተቀድዶ አገኘው። ደረጃው ላይ ጠብታ ነበር። ጠብታው ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርድና አቧራው ውስጥ ይጠፋል።

ታችኛው ሰፈር የፀደይም የባንቺዓለምም ሰፈር ነው። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ጉድጓድም እዚያው ነው።

«ምን ታፈጥጫለሽ?» አለች ባንቺዓለም ቁልቁለቱን ሲወርዱ።

«እጅሽን ነው የማየው።»

«እጄ ምን ሆነ?» አለችና አውጥታ ዘረጋችላት። ጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴ አለ። «ያንችስ? እስቲ አሳይኝ።»

የፀደይ ጥፍር ሥርም አለ። የክበቡ ልጆች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ይህ በማንም ላይ ማስረጃ አይሆንም ብላ ፀደይ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ጉድጓዱ ከትልቁ ሆቴል በታች፣ የወጥ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው እጣቢ ከነሽንት ቤቱ ፍሳሽ በቧንቧ የሚወርድበት ቦይ ዳር ነው። ድሮ እዚያ የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፤ ከቦዩ በታች ያለው ጎመን ቅጠሉ ይቃጠላል፤ በየክረምቱ ማግሥት የሰፈሩ ሕፃናት ሆዳቸውን ይታመማሉ። መምህር ሙጂብ ከመርሳ ተዛውሮ መጥቶ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመረ በዓመቱ ነው ልጆቹን አካፋ ያስያዛቸው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ጉድጓድ ቆፍረው ጥቁር ላስቲክ አነጠፉ፣ እጣቢውን ወደዚያ መለሱት፣ በላዩ አረንጓዴ ዘሩበት። መጽሐፉ ዋቅላሚ ይለዋል፣ መምህር ሙጂብ አልጌ፣ ልጆቹ ዝም ብለው አረንጓዴው።

«ለእኛ ቆሻሻ የሆነው ለእሱ ማዕድ ነው» ይላቸው ነበር መምህር። «ፀሐይ እየሞቀ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ውሃውን ያጠራላችኋል። ሲወፍር ገፋችሁ ታወጡታላችሁ፣ ታደርቁታላችሁ፣ ዘይቱን ትጨምቃላችሁ።»

ጥቅምት ላይ እውነትም ዘይት አገኙ፤ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የምታረጥብ ያህል። ፈትል ነክረው ለኮሱት። ነበልባሏ የገብስ ፍሬ ታክላለች፣ ሽታው ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ልጆቹ ግን የሆቴሉ ዘበኛ ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ አጨበጨቡ።

ከዚያ ሆቴሉ እንግዳ ሊቀበል ሁሉን ነገር በበረኪና አጠበ። አረንጓዴው ባንድ ቀን ነጭ ሆኖ ሞተ። ከምንጭ አምጥተው ደግመው ዘሩ፤ እሱም ሞተ። መምህር ሙጂብ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብሎ ዋለ። ታዲያ ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባንቺዓለም በጨርቅ የተሸፈነ ባልዲ ይዛ መጣችና ገለበጠችው። ውሃው ዛሬ እሑድ እንደ ቡቃያ ማሳ ለምልሟል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ፀደይ ቀኑን ከራሷ ማውጣት አቃታት።

«ባንች» አለች ጉድጓዱ ዳር ሲደርሱ፣ መማሰያውን መጥረጊያ እያነሳች። «አረንጓዴውን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከወንዝ። አልነገርኩሽም?»

«ወንዙ ኅዳር ሳይገባ ደረቀ እኮ።»

«ይኸን ወንዝ አላልኩሽም። ከሙጃ ወንዝ ነው፤ አጎቴ ነው ያመጣልኝ።»

«ባልዲውን ከሙጃ በሚኒባስ?»

«አቦ አታካብጂ። አማስይ ይልቅ።»

ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። ፀደይ አማሰለች። አረንጓዴው በመጥረጊያው ጭራ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ሲያምር ደግሞ ያምራል፤ ማማሩ ራሱ አስፈራት።

ሌላው ልጅ ግዝቱን ሰምቶ ምሳውን ይበላ ይሆናል። ፀደይ አትችልም። ቅዳሜ የእናቷ ሙት ዓመት ነው። ፍትሐቱን የሚያደርሱት ደግሞ ቄስ አረጋ ናቸው።

ደግሞም ፀደይ የዚያ ኩሬ ልጅ ናት። እናቷ የሻረግ፣ ልጅ አጥታ ለብዙ ዘመን ከኖረች በኋላ ነው በገና የገባችበት። «ዓይኔን ጨፍኜ ገብቼ እንቁራሪት መስዬ ወጣሁ» ትል ነበር። «ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ገመዱን የያዙት ቄስ ሳይቀሩ ሳቁ።» ይኸን ስታወራ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፤ ሳቅ ሲመጣባት ጉልበቷ ይከዳት ነበርና። ሻይ ስትጠጣ መጨረሻውን፣ ስኳሩ የተኛበትን፣ ለፀደይ ትተውላታለች። ከሞተች በኋላ ፀደይ ለብዙ ጊዜ የራሷን ሻይ መጨረሻ ሳትጠጣ ትተወው ነበር። ለማን እንደምትተወው አስባ አታውቅም።

ዓምና ኅዳር ላይ፣ በሽታው ሲጸናባት፣ የሻረግ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያ ውሃ ትንሽ። አባቷ አለሜ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ገና ሊደርስ ነው፤ ያን ጊዜ አስፈቅጄ አመጣልሻለሁ» አላት። ለገና አልደረሰችም።

ማታ እራት ላይ ፀደይ አባቷን «አባዬ፣ መጠርጠር ማወቅ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

አለሜ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ እጆቹ ሁልጊዜ ነጭ አቧራ የለበሱ ናቸው። የያዘው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ ቆመ።

«ማንን ጠረጠርሽ?»

«ሰው።»

«ተይው» አለ። «የሰው ነገር ተይ። ያንች ሥራ ትምህርትሽ ነው።» ከዚያ ሳይጨርስ ተነስቶ እጁን ታጠበና ወደ ውጭ ወጣ። ፀደይ የሙት ዓመቱ ሐሳብ ከብዶት ነው አለች።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት አዳም አጥር ሥር አገኛት። አዳም ወሬ ሳያገኝ የዋለ ቀን ራሱን የሚያመው ልጅ ነው።

«ስሚ፣ የጠበል ልጅ።»

«ምን ፈለግህ?»

«ጓደኛሽ አረንጓዴውን ከየት አመጣችው? ሁለቴ የሞተ ነገር ድንገት ተነስቶ ሰርገኛ ሆነ እኮ። በተአምር ነው እንዴ?»

«ከወንዝ ነው ያለችው።»

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያመነዠከችው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

«ወንዙ ግን ደርቋል» አለች።

አዳም ከንፈሩን ሰብስቦ አፏጨ። ሌላ አልጠየቃትም። ፀደይ ክፍል ስትገባ አንድም ውሸት አልተናገርኩም ብላ አሰበች። እውነቷን ነው።

በማግሥቱ ቄስ አረጋ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጉድጓዱ ዳር መጡ። ክበቡ ሥራ ላይ ነበር። መምህር ሙጂብ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው።

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር። ልጆቹን ደግ ሥራ ነው ያስያዝካቸው፤ ሽታው መቀነሱን እኛም አይተናል።» ቄስ አረጋ አረንጓዴውን ትክ ብለው አዩት። «ግን የሚወራ ወሬ አለ። የተባረከ ነገር ከሽንት ቤት ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ይህ ጉድጓድ ክፍቱን አያድርም።»

«እኔ ከኩሬው ቅዱ ብዬ አላዘዝኩም። ልጆቹም እንዲህ ያለ ነገር...» መምህር ሙጂብ ዓይኑ ባንቺዓለም ላይ አረፈና ቃሉን ሳይጨርሰው ቀረ። እሱም ዓርብን አስታወሰ።

«ከሌላ አገር የመጣ ሰው የኛን ነገር በምን ያውቃል» አለ አንደኛው ሽማግሌ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። ቄስ አረጋ ዞረው አዩት። ሽማግሌው ጋቢውን አስተካከለ።

«ልጄ» አሉ ቄሱ ባንቺዓለምን። «አንች ነሽ አሉኝ ያመጣሽው። ከየት ቀዳሽው?»

ባንቺዓለም ጫማዋን አየች። ቀጥላ አዳምን አየች፤ አዳም በደረቅ ሣር ጥርሱን እየጎረጎረ ቆሟል።

«ከኩሬው አይደለም» አለች።

«እሺ፣ ከየት?»

ባንቺዓለም ጥፍሮቿን መዳፏ ውስጥ ደበቀች። ፀደይ ባንቺዓለም ቀና ብላ እንዳታያት ፈራች፤ ቀና ብላ ስላላየቻት ደግሞ ባሰባት።

ሽማግሌዎቹ አሮጌ ቆርቆሮ አስመጥተው ጉድጓዱን ሸፈኑት፣ በላዩ እሾህ ጫኑበት።

«አባቴ፣ ፀሐይ ካጣ ይሞታል» አለ መምህር ሙጂብ።

«እስከ ቅዳሜ ነው። እውነቱ ከወጣ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ። ካልወጣ ይደፈናል።»

መምህር ሙጂብ እሺ አለ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆርቆሮውን ሲያይ ቆየ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተበተኑ።

ፀደይ ባንቺዓለምን ተከትላ ቤታቸው ድረስ ሄደች። የባንቺዓለም እናት ጥሩነሽ አረቄ አውጥታ ትሸጣለች፤ ይኸን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ስድስተኛ ክፍል እያሉ አዳምና ጓደኞቹ የባንቺዓለምን ደብተር እያሸተቱ «ውይ፣ ሰከርኩ» እያሉ ይንገዳገዱ ነበር። ባንቺዓለም ከዚያ ወዲህ ማንንም ወደ ጓሮ አታስገባም። ፀደይን እንኳ።

«ንገሪያቸው» አለች ፀደይ በሩ ላይ። «ከኩሬው ከሆነም ንገሪያቸው፤ ይቅር ይሉሻል። እኔ ቅዳሜ የእማዬን...»

«ነይ» አለች ባንቺዓለም። «ነይ ግቢ።»

ጓሮው ውስጥ ምድጃ ላይ ድፍድፍ የያዘ እንስራ ተጥዷል። ከእንስራው አፍ ሸምበቆ ወጥቶ ወደ አንዲት ማሰሮ ይወርዳል። አረቄው የሚጠራቀምባት ማሰሮ እንድትቀዘቅዝ ውሃ በሞላው የእንጨት ገንዳ ውስጥ ተቀምጣለች። ውሃው ለብ ይላል፤ አተላም አመድም ይገባበታል። የገንዳው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በአረንጓዴ ተለብጧል፣ አንደኛው ጎን ብቻ ተፍቆ እንጨቱ ይታያል።

«ወንዙ ይኸውልሽ» አለች ባንቺዓለም።

ፀደይ ጣቷን ነከረች። ሙቀትም እጣቢም የለመደ አረንጓዴ። ባይሞት ምን ይገርማል?

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አዳም እየሰማ? ከነገ ጀምሮ የአረቄ ጉድጓድ ተብሎ ሊቀር። መምህር ሙጂብ ደግሞ ዘሩን ከአረቄ ቤት አስመጣ እንዲባል። ሰው ምን እንደሚለው መገመት ያቅትሻል?» ባንቺዓለም ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ወንዙ ደርቋል ያልሽው አንች ነሽ አይደል? አዳም ነግሮኛል።»

ፀደይ የረጠበ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

«ደርቋል እኮ፣ ውሸት አላልሽም» አለች ባንቺዓለም።

«ጠይቄሽ ነበር።»

«እንደ ፖሊስ ነው የጠየቅሽኝ። እንደ ጓደኛ ጠይቀሽኝ ቢሆን... እንጃ። ምናልባት ያኔም እዋሽሽ ነበር። አሁን ሂጅ፣ እናቴ ልትመጣ ነው።»

ፀደይ ዳገቱን ስትወጣ የሚያስጨንቃት ሌላ ጥያቄ ነበር። ባንቺዓለም ካልሆነች ማን ነው? የምታገኘውን ሰው ሁሉ እጅ እጁን ታያለች። ውሃ የቀዳች ሴትዮ፣ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ የሆቴሉ ዘበኛ። የጠረጠረ ሰው ዓይን የማያርፍበት የለም።

ለተዝካሩ ጠላ ሊጠመቅ ነበርና፣ የጎረቤት ሴቶች በማግሥቱ ጠዋት ሊመጡ ተነጋግረዋል። ፀደይ ከትምህርት ቀርታ ጋኑን ልታጥብ ማልዳ ተነሳች። ጋኑ ከእናቷ አልጋ ኋላ ነው። አልጋው ላይ እሷ ከሞተች ወዲህ የተኛ ሰው የለም። አልጋውን ስትስበው ከሥሩ ቢጫ ጀሪካን ብቅ አለ፤ አፉ በእራፊ ተወትፏል። ውሃ ይሆናል ብላ ልታስወጣው አነሳችው። እራፊው ጠርዝ ላይ የአረንጓዴ ክር ተንጠልጥሏል።

ከፈተችው። እንደ ጉድጓዱ አይሸትም። ክረምት ላይ ዐለት ውሃ ሲጠጣ የሚሸተውን ይሸታል።

አባቷ ገብቶ ከኋላዋ መቆሙን ያወቀችው ሲተነፍስ ነው።

«እሱን አስቀምጭው» አለ አለሜ።

«አንተ ነህ?»

አለሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ዓምና የተቀመጠበት ቦታ ላይ።

«በሕይወቷ ብዙ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም» አለ። «ልብስ አልጠየቀችኝም፣ ወርቅ አልጠየቀችኝም። ያን ብቻ ጠየቀችኝ፣ እኔም በኋላ አልኳት። ቄሱ ዘንድ ሄጄ ያለ ጊዜው ይፈቀድልኝ ማለት አፈርኩ። ቅዳሜ ፍትሐቱ ሲያልቅ መቃብሯ ላይ አፈስስላታለሁ። ከዚያ አለቀ።»

«አሁንስ ለምን አላስፈቀድክም?»

«ለሞተ ሰው ስጡኝ ብዬ? ምን ልበላቸው?» እጆቹን አያቸው። «ይስቁብኛል።»

ፀደይ አጠገቡ ልትቀመጥ ፈለገች። አባቷ ሲያለቅስ ያየችው በቀብሩ ዕለት ብቻ ነው፤ አሁንም አላለቀሰም፣ ፊቱ ግን ያን ዕለት መስሏል። እንዲህ ያለ ሰው ሌባ ሊባል ነው? ደግሞ በሙት ዓመቷ ሰሞን፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ?

«ባንቺዓለምስ?» አለች።

«ልጅ ናት። ይረሳላታል።»

«ጉድጓዱስ?»

«እሱማ ጉድጓድ ነው፣ ልጄ። ሌላ ይቆፈራል።»

«መምህር ሙጂብ ሌላ የሚቆፍር ይመስልሃል?» አለች ጀሪካኑን መሬት እያስቀመጠች። «አባዬ፣ ቅዳሜ ቄስ አረጋ 'አመተ ጊዮርጊስ' ብለው የእማዬን የክርስትና ስም ሲጠሩ፣ እኔና አንተ ግዝት ተሸክመን ነው የምንቆምላት?»

አለሜ ጀሪካኑን አየው። ከደጅ የጎረቤት ዶሮ ትጮሃለች፤ ሴቶቹ ሊመጡ ብዙ አልቀራቸውም።

«ወደ ቦታው መልሽው፣ ፀድዬ» አለ። እንዲህ ብላ የምትጠራት እናቷ ብቻ ነበረች።

ፀደይ ጀሪካኑን አነሳች። ከባድ ነው። አልጋው ሥር አልመለሰችውም። ይዛው መጥታ ደጃፉ አጠገብ፣ የገባ ሰው ሁሉ ሊያልፍበት በሚገባው ቦታ፣ አስቀመጠችው። እራፊውን አጥብቃ ወተፈች፣ ውጩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሴቶቹ ሲመጡ ያዩታል» አለች። «ከዚያ በፊት ቄስ አረጋ ቤት ልትወስደው ትችላለህ። ቅርብ ነው። ከፈለግህ እመለስና አብሬህ እሄዳለሁ።»

«አንችስ ወዴት ነሽ?»

«እኔ በባንች ላይ የተናገርኩት ነገር አለ። መጀመሪያ እሱን ልመልስ።»

አባቷ ተነሳም አልተነሳም ዞራ አላየችም። ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ክፍቱን ትታ ወጣች፤ ወደ እነ ባንቺዓለም ቤት የሚወስደውን ቁልቁለት ተያያዘችው።